ባለ ማርሽ የስፖርት መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ

(በራዲዮ ከተነገረው)



በጋምቤላ ከተማ በኒውላንድ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የላኩልን ደብዳቤ ለዛሬው ንግግራችን ምክንያት ሆኗል። ጸሐፊው እንደሚሉት 8 ዓመት ሙሉ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመዋል። ከልጅነታቸውም ጀምሮ ሲመኙት የኖሩት ባለ ሁለት በር፣ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር የስፖርት መኪና ነው። ነገር ግን ከባለቤታቸው ወንድም ጀምሮ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «በዚህ ዘመን ማርሽ የሚነካ ማን አለ? አውቶማቲክ ግዛና ተገላገል» ይላቸዋል። «ተሳስቼ እንደ ሆነ ንገሩኝ፤ ካልተሳሳትሁም ምን ዐይቼ ልግዛ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የአንድ ሰው ቢመስልም የብዙዎች ነው። በደመወዝ ለሚኖር ሰው መኪና ማለት ከቤት ቀጥሎ ምናልባት በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚገዛው ዕቃ ነው። ከተሳሳተም ስሕተቱን የሚያርመው በሌላ 8 ዓመት ቁጠባ ነውና፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ብንመለከተው መልካም ይመስለኛል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ባዩ ጊዜ በቤንዚን የሚሄደው መኪና በአብዛኛው ባለ ማርሽ ነበር። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር። በአባቶቻችን ጊዜ በከተማ ውስጥ ይርመሰመሱ የነበሩት ፊያት ሰይቼንቶና ቮልስዋገን፣ በአገር አቋራጭ መንገድ ያገሱ የነበሩት የኤንትሬ ከባድ መኪናዎች፣ ኋላም ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የላዳ ታክሲዎች ሁሉ ባለ ማርሽ ነበሩ። ሾፌርነት ማለትም ማርሽ መቻል ማለት ነበር። ይልቁንም በቀድሞዎቹ የጭነት መኪናዎች ላይ አንድ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥና በመካከሉ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሰጥቶ ዙሩን ማስተካከል ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ይህን አጣርቶ የሚያውቅ ሾፌር በሰፈሩ እንደ ባለሙያ ይከበር ነበር።

የዛሬው አውቶማቲክ የበዛልን ግን እኛ መርጠነው ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን ቪትዝ የተባለችው ትንሽ ቶዮታ እንደ ምን እንደ በዛች የማያውቅ የለም። ይህች መኪና የተሠራችው በጃፓን ከተሞች መጨናነቅ ውስጥ ለሚነዱ ሰዎች ነው። በጃፓን ከሚሸጡት አዳዲስ የቤት መኪናዎች ከመቶ ከ90 የሚበልጡት አውቶማቲክ ናቸው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮም ለአውቶማቲክ ብቻ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ በዚያ አገር ይሰጣል። እንግዲህ እኛ የጃፓንን ያገለገለ መኪና ስንገዛ የጃፓንን ልማድ አብረን ገዛን ማለት ነው። በአሜሪካም ከሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች ባለ ማርሹ ከመቶ 2 አይሞላም።

በዚህ ላይ በአገራችን ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚቀየር ማርሽ የለውም፤ ሞተሩ ገና ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ አያስፈልገውም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ባለ ማርሽ የስፖርት መኪና አስመጣለሁ የሚል ሰው በሩ ተዘግቶበታል። የቀረው ገበያ ከውሳኔው በፊት ወደ አገር የገባው መኪና ብቻ ነው። የኒውላንዱ ወዳጃችን ጥያቄ ክብደት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚገዙት መኪና የግድ ያረጀ፣ በሌላ ሰው እጅና እግር የተፈተነ ነውና።

አሁን ማርሽ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። የቤንዚን ሞተር አንድ ጠባይ አለው። ቀስ ብሎ ሲዞር ጉልበት የለውም፤ በደቂቃ ከ700 ወይም ከ800 ዙር እጅግ ዝቅ ሲል ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። የቆመ መኪና ጎማ ግን ከነጭራሹ አይዞርም። እንግዲህ የሚዞረውን ሞተርና የማይዞረውን ጎማ ማን ያስታርቃቸው? ፍሪሲዮንና ማርሽ የተፈጠሩት ለዚህ ዕርቅ ነው። ፍሪሲዮን ፊቱ በሸራ የተለበጠ ሳህን ነው። ሞተሩ ላይ ካለው ቮላኖ ጋር ተጫኝ ሳህን አጣብቆ ሲይዘው የሞተሩ ኃይል ወደ ካምቢዮ ያልፋል፤ በግራ እግርዎ ሲረግጡት ይላቀቃል። ቀስ ብለው ሲለቁት ሸራው መጀመሪያ እየተንሸራተተ፣ ኋላም እየያዘ፣ የቆመውን ጎማ ከሚሮጠው ሞተር ጋር ያላምደዋል። በካምቢዮው ውስጥ ደግሞ ትልልቅና ትናንሽ ጥርሳም መዘውሮች አሉ። በብዙ ትናንሽ መኪናዎች በአንደኛ ማርሽ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 3 ጊዜ ተኩል ያህል ይዞራል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን በዚያው ልክ ይበዛል። ከባድ ድንጋይ በረጅም ዘንግ የሚፈነቅል ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። በአምስተኛ ማርሽ ነገሩ ተገልብጦ ፍጥነቱ ይበዛል፤ ጉልበቱ ያንሳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መዘውሮቹ ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያመሳስል የነሐስ ቀለበት ያለበትን ካምቢዮ በገበያ ላይ አዋለ። ድርብ የፍሪሲዮን ርግጫ ለቤት መኪና ቀርቶ የከባድ መኪና ሾፌር ሙያ ብቻ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ቀለበት ያስታውሱልኝ፤ ኋላ ስለ ግዢው ስንነጋገር እንመለስበታለን።

አውቶማቲኩ በፍሪሲዮን ፈንታ ዘይት የሞላበት ክብ ዕቃ አለው። ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት አቁመው አንዱን ብቻ ቢያስነሡ ነፋሱ ሁለተኛውን ያዞረዋል፤ በዚህ ዕቃ ውስጥም ዘይቱ የነፋሱን ሥራ ይሠራል። ማርሹንም ሾፌሩ ሳይሆን የዘይት ግፊትና ዛሬ ዛሬ ኮምፒዩተር ይቀይረዋል። ጄኔራል ሞተርስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ሃይድራማቲክ ብሎ ያወጣው ካምቢዮ ለብዙ ሕዝብ የተሸጠ የመጀመሪያው ነው። በኋለኞቹ ቪትዞች ውስጥ ያለው ሲቪቲ የሚባለው ደግሞ ከነጭራሹ የማርሽ መዘውሮች በመለዋወጥ ፈንታ በሁለት ሾጣጣ መዘውሮች መካከል በሚሮጥ የብረት ቀበቶ ይሠራል። ይህ ሁሉ የሰው ብልሃት ነው እንጂ የስንፍና ሥራ አይደለም። የቀድሞው አውቶማቲክ ነዳጅ ያባክን የነበረ መሆኑ እውነት ነው፤ የዛሬው ግን ብዙ ጊዜ ከባለ ማርሹ እኩል ወይም ያነሰ ይጠጣል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው፣ በቤት ውስጥም ሦስትና አራት ሰው ለሚነዳው መኪና፣ በአዲስ አበባም የጠዋት መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል ሠራተኛ እኔም አውቶማቲክ ይግዙ እላለሁ።

ነገር ግን የኒውላንድ ሰው የሚነዳው በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ አይደለም። የሚነዳበትን መንገድ እንይ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 520 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በባሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ጎሬ ግን ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በመቱና በጎሬ በኩል ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ቡሬን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ በድምሩ 1500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይጓዛል። 1200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚያወጣው ኃይል፣ ቀላል በሆነ ሒሳብ ሲታሰብ፣ 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ይህ ኃይል ከአንድ ቦታ መግባት አለበት። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረው ወይ ወደ ፍሬኑ ሸራ፣ ወይ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ፍሬኑ ብቻውን ሲሸከመው ምን ይሆናል? ሸራው ይግላል፤ ሲግል መያዙ ይቀንሳል፤ የፍሬኑ ዘይት አርጅቶ ውሃ የጠጣ እንደ ሆነም ይፈላና አረፋ ይሆናል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። አሮጌዎቹ ሾፌሮች ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚሉት ይህን ዐይተው ነው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ የሚወርድ መኪና ጎማው ሞተሩን እየጎተተ ስለሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ለክፉ ቀን ቀዝቅዞ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ ሳላነሣ አላልፍም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርገው የሚለቁ ሾፌሮች አሉ። ሰው ጭኖ እንዲህ የሚያደርግ ሾፌር ዐይቼ አንድ ጊዜ ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ሄጃለሁ፤ አልጸጸትም። ነገሩ አደገኛ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቁጠባውም የለም። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የቤንዚን ሞተር ያለው መኪና በማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከቤንዚን መስጫው ሲነሣ ነዳጁ ጨርሶ ይዘጋል። ፎሌ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። በካርቡራቶር የሚሠራው አሮጌ ቮልስ ይህ ጥቅም የለውም፤ ቁልቁለቱን በፎሌ መውረዱ ግን ለእርሱም ያው ሞት ነው።

አውቶማቲክ ያላቸውም ሰዎች ተስፋ አይቁረጡ። በማርሹ ዘንግ አጠገብ ከዲ በታች 2፣ ኤል፣ ኤስ ወይም ቢ ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለ ቁልቁለት የተዘጋጀ ዝቅተኛ ማርሽ ነው። ብዙ የቪትዝ ባለቤቶች መኪናቸውን እስኪሸጡ ድረስ አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሲወርድ ሞተሩን ወደ ጀነሬተር ለውጦ የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ይሁን እንጂ ባትሪውን ጎሬ ላይ ጢም አድርጎ ሞልቶ ቢነሣ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ስለማይኖረው ሸክሙ ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ከቁልቁለቱ በታች ያለው ነገር ደግሞ ሙቀቱ ነው። በየካቲትና በመጋቢት በጋምቤላ ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቅባት ብቻ ሳይሆን ኃይል አስተላላፊም ስለ ሆነ ከመጠን በላይ ሲግል ይቃጠላል፤ ከተቃጠለም ካምቢዮውን ይዞት ይሞታል። ይህ ዘይት በጊዜው መለወጥ አለበት። ሲቪቲው የሚፈልገው ዘይት ደግሞ የራሱ ብቻ ነው፤ የሌላውን ቢጨምሩበት የብረት ቀበቶው ይንሸራተታል። የባለ ማርሽ ካምቢዮ ዘይት ግን ሥራው ማለስለስ ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቱን በቀላሉ ይችለዋል። ባትሪም በቆላ ሙቀት ቶሎ ያረጃል። አንድ ማለዳ መኪናው አልነሣ ቢል፣ ባትሪው ጨርሶ ካልሞተ በቀር፣ ባለ ማርሹን ሦስት ጎረቤቶች ገፍተው በሁለተኛ ማርሽ ያስነሡታል። አውቶማቲኩ ሞተሩ ሳይዞር የዘይት ግፊት ስለሌለው እስከ ማታ ቢገፉት አይነሣም።

ለጥገናውም ነገር በኒውላንድ ጎዳና ላይ ቆመው ዐይንዎን ይግለጡ። ያ ሁሉ ባጃጅ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነው። የሕዝብ ማመላለሻው ሚኒባስና እህል የሚያወርደው አይሱዙ ባለ ማርሽ ናቸው። ስደተኞችን የሚረዱት ድርጅቶች ወደ ገጠሩ የሚልኩት ረጅሙ ላንድክሩዘርም ለብዙ ዘመን ሲመጣ የኖረው በእጅ ማርሽ ነው። እነዚህ ድርጅቶች አውቶማቲክ መግዣ አጥተው አይደለም፤ ጭቃ ውስጥ በቆመ መኪና ላይ ምን እንደሚጠገንና ምን እንደማይጠገን ስለሚያውቁ ነው። ፍሪሲዮን ለመለወጥ ካምቢዮውን አውርዶ ሸራውን፣ ተጫኝ ሳህኑንና ኩሽኔታውን መተካት የሚችል ሙያተኛ የባጃጅና የአይሱዙ አገር ያፈራዋል። የተበላሸ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉው ወርዶ በሌላ ይተካል። ተተኪውም የሚመጣው ከላይ፣ ከአዲስ አበባ ነው። በአንድ ዘመን የጋምቤላ ሸቀጥ በክረምት በእንፋሎት መርከብ በባሮ ላይ ከካርቱም ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ግን መለዋወጫ ሁሉ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዞ ይወርዳል።

እስካሁን ስለ ማርሹ ተናገርሁ፤ ስለ ስፖርቱ ግን ገና ነኝ። እዚህ ላይ ለወዳጃችን መራራ የሆነውን ልናገር። የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ማርሽ የሚመርጠው ለፍጥነት ከሆነ ተሳስቷል። ዛሬ በሁለት ፍሪሲዮን የሚሠራው አውቶማቲክ ካምቢዮ ከማንም ሰው እጅ ይልቅ ፈጥኖ ይቀይራል። ፌራሪ እንኳ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላቸውን መኪናዎች ማቅረቡን ካቆመ 10 ዓመት አልፎታል። ፖርሽ በአንዳንድ 911 ላይ፣ ማዝዳም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው ኤም ኤክስ 5 ላይ ማርሹን ያቆዩት ደስ ስለሚል ነው። እጅና እግር ከጆሮ ጋር ተስማምተው ሲሠሩ የሚሰማውን ደስታ የቀመሰ ያውቀዋል። ደስታ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በስሙ ይጠራ። ለቁጠባ ነው፣ ለፍጥነት ነው ብሎ ባለቤትን ማታለል አይገባም።

ደግሞም እውነተኛ የስፖርት መኪና ሆዱ ከመሬት ከ13 ወይም ከ14 ሴንቲ ሜትር በላይ አይርቅም። ቶዮታ 86 የተባለው ለምሳሌ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘንበው ዝናብ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ሰፈር ውስጥ ሲገቡ በዚህ ከፍታ ምን እንደሚገጥም የኒውላንድ ሰው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ከጃፓን የመጣ ከሆነም መሪው በስተቀኝ የተሠራ ነበር፤ እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል የምንነዳ ስለ ሆንን ወደ ግራ መዛወር ነበረበት። መሪው የተዛወረበት መኪና ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ሆኖም የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ርግጫ ሁሉ ቦታ የለወጡ ስለ ሆነ በባለሙያ ሳያስመረምሩ እንዳይገዙ።

ስለዚህ በበኩሌ የማማክረው መካከለኛውን ነው። ወደ አገራችን በእጅ ማርሽ የገቡ ያሪስና ኮሮላ፣ ሱዙኪ ዲዛየርም አሉ። መልካቸው የስፖርት ባይሆንም፣ 1300 ሲሲ የሆነ ቀላል መኪና በጥሩ ማርሽ ሲነዳ ከሚታሰበው በላይ ልብ ያስደስታል። ይልቁንም በጋምቤላ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጋምቤላ ሲወርድ ሙቀቱ ተቀንሶ እንኳ በግምት ከመቶ 15 የሚበልጥ አየር ያገኛል። እንጦጦ ላይ የሚያለከልከው መኪና ባሮ ዳር ሲደርስ የታደሰ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ባለ ሁለት በር ካልሆነ ለሚሉም ቮልስ አለ። በአዲስ አበባ ወጣቶች አሮጌውን ቮልስ ገዝተው፣ ቀብተው፣ ዝቅ አድርገው እንደ ስፖርት መኪና ሲያሽሞነሙኑት ይታያል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ የሚፈላ ራዲያተር የለውም፤ በቆላ ሙቀት ግን ዘይቱ ስለሚግል ዘይቱን አዘውትሮ ማየትና መለወጥ ያሻል። ፋብሪካው መሥራቱን ያቆመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ስለ ሆነም መለዋወጫው በፍለጋ የሚገኝ ነው።

ወደ ግዢው እንምጣ። እኔም በበኩሌ የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት ቀለሟን ዐይቼ ነበር። ቀይ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት የቸርችልን ዳገት ከለገሃር ወደ ፒያሳ በመጨናነቅ ውስጥ ስወጣ ክፉ ሽታ ሸተተኝ፤ ጢሱም ከኮፈኑ ሥር ወጣ። ሸራው አስቀድሞ አልቆ ኖሯል። የጨረስሁት ግን እኔ ነኝ፤ ዳገቱ ላይ በእጅ ፍሬን በመያዝ ፈንታ በግማሽ ፍሪሲዮን ተንጠልጥዬ ቆሜ ነበርና። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርሁትን እነግርዎታለሁ።

መኪናውን ሊያዩ ሲሄዱ ሳይነሣ እንዲቆይልዎ ይጠይቁ፤ እንደ ደረሱም እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። የሞቀ ከሆነ ሻጩ የቀዝቃዛ ሞተር ድምፅ እንዳይሰማ ፈልጎ ይሆናል። አስነሥተው በፎሌ ላይ ያዳምጡ። ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ የሚጠፋ የመፋጨት ድምፅ ካለ የካምቢዮው ኩሽኔታ ታሟል፤ ሲረግጡ የሚመጣ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሁለተኛው በርካሽ ይጠገናል፤ የመጀመሪያው ኪስ ይጎዳል።

ከዚያም ሜዳ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብለው እየሄዱ ቤንዚኑን በድንገት ይስጡ። የሞተሩ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ የመኪናው ፍጥነት ባለበት ከቀረ ሸራው አልቋል፤ ያን ጊዜ የመለወጫውን ዋጋ ከሽያጩ ላይ ያስቀንሱ ወይም ይተዉት። ቀጥለው ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይቀንሱ። ቅድም ያስታውሱልኝ ያልሁት ቀለበት እዚህ ይፈተናል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያልቀው የሁለተኛው ማርሽ ነው፤ ከጮኸ ወይም እምቢ ካለ በዚህ መኪና የቡሬን ቁልቁለት አይወርዱም። መጨረሻም በትንሽ ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከቤንዚኑ በድንገት ያንሡ። ማርሹ ራሱ ወደ ፎሌ የሚዘል ከሆነ ሻጩን አመስግነው ወደ ቤትዎ ይመለሱ፤ የዋጋ ክርክር አያስፈልገውም። ካምቢዮው ከሚገባው በላይ ዝም ካለም ይጠራጠሩ፤ ድምፁን ለመሸፈን ከልክ በላይ ወፍራም ዘይት የሚሞሉ አሉ። ከመንገዱ በኋላ የቆመበትን መሬት ጐንበስ ብለው ማየትም አይክፋዎ።

ስለ ወረቀቱ ረጅም ቃል አያስፈልግም። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር ይስማማ፤ ቦሎው ያልተቋረጠ፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ይረጋገጥ፤ ውሉም በውልና ማስረጃ ፊት ይፈጸም። በጋምቤላ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። ከቀረጥ ነጻ የገባ የድርጅት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ቀረጡ መከፈሉን ሳያረጋግጡ ገንዘብ እንዳይሰጡ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርልዎትምና።

እንግዲህ ለኒውላንዱ ወዳጃችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ዘመዶችዎ አውቶማቲክ ይቅለል ማለታቸው ስለ አዲስ አበባ ከሆነ እውነት አላቸው፤ ስለ ጋምቤላ ግን እርስዎ ይበልጣሉ። ማርሹን ይያዙ፤ ዝቅ ያለውን ወገብ ግን ይተዉት። ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ የአንድ ሙሉ ፍሪሲዮን ዋጋ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ዕቃውንም አዲስ አበባ ሳሉ ገዝተው በመኪናው ኋላ ይጫኑት። ከመነሣትዎ በፊት የፍሬኑን ዘይት ያስለውጡ። ባለቤትዎም ቢነዱት ከፈቀዱ፣ ከባሮ ድልድይ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ያለ ቤንዚን ቀስ ብሎ መልቀቁን ያስተምሯቸው። ጐሬ ሲደርሱ ደግሞ ቆም ብለው ቡና ይጠጡ፤ ጎማውን በእጅዎ ዳስሰው፣ ማርሹን ሦስተኛ ላይ አድርገው ይነሡ።